ፍየል የበላችው ምልክት

የጂንካ ሰው መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲያይ ቅጠል ይሰካበታል እንጂ አይደፍነውም። አላፊ አግዳሚው ቅጠሉን እያየ ይዞራል፤ ጉዳዩም እንዳለቀ ይቆጠራል። ልብስ ሰፊው ተገኝም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጎርፍ ሱቁ ውስጥ እየገባ ቢያስቸግረው፣ ፊት ለፊቱ ካለው የእግረኛ መንገድ የቦዩን የሲሚንቶ ክዳን ፈንቅሎ በሩ ላይ ደፍ አደረገው። ክፍት በቀረው ቦይ ደግሞ ለምለም ቅርንጫፍ ሰካበት። በየጠዋቱ ትኩስ ስለሚተካበት፣ ይባስ ብሎ ራሱን እንደ ጠንቃቃ ሰው ያይ ነበር።

"ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ክዳኑን ወደ ቦታው መልስ፣ አንተ ልጅ" ይሉታል ከጎኑ ሳሙናና ስኳር የሚቸረችሩት እትዬ ምህረት።

"ዓይን ያለው ያየዋል፣ እትዬ" ይላል እሱ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል።

ሚስቱ ፀደይ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል። ሆዷ ገፍቶ የገዛ እግሯን ማየት ካቆመች ሰንብታለች። ምሳ ስታመጣለት እንዳትሰናከል፣ "ቅጠሉን ከሩቅ ፈልጊ፤ እሱ ጋ ስትደርሺ ዙሪ" ብሏታል። እሷም ቃሉን አክብራ ትዞር ነበር።

ያን ቅዳሜ ከካኮ ለገበያ የመጡ ፍየሎች በደጃፉ እየተጋፉ አለፉ። ተገኝ ለእሁድ የሚደርስ የመዘምራን ልብስ ይዞ ስለነበር ልብ አላላቸውም። ጥቂት ቆይቶ ሳህን ሲወድቅ ሰማ። ከዚያ በኋላ ምንም ድምፅ አልነበረም።

ቀና ሲል መንገዱ ላይ ሽሮ ፈሷል። ከመንጋው የቀረች አንዲት ፍየል የቅርንጫፉን ጫፍ ታኝካለች። ክው አለ። የያዘውን ልብስ ጥሎ ከስፌት መኪናው ኋላ ወጣ። ቀድመው የደረሱት እትዬ ምህረት ናቸው። ፀደይ እስከ ብብቷ ቦዩ ውስጥ ገብታ፣ በሁለት እጇ ጠርዙን ጨብጣ፣ እሱን እሱን ታያለች።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ነርሷ ብዙ ካዳመጠች በኋላ፣ "የልጁ ልብ ይመታል። የእሷ እግር ግን ተሰብሯል" አለች። ተገኝ አልጋው አጠገብ ቆመ።

"ቅጠሉን እኮ ፈልጌው ነበር" አለችው ፀደይ። "ሳጣው ጊዜ ክዳኑን የመለስከው መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነው ቀጥ ብዬ የመጣሁት።"

ብትሰድበው በተሻለው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የምትቀይረውን ልብስ ከቤት ሊወስድ ተመለሰ። መንገዱን ሲሄድ ሱቁ ፊት ላይ ቆም አለ። ቦዩ ላይ እሱ ከሰካው የሚበልጥ አዲስ ቅርንጫፍ ተሰክቷል። ሰዉም እያየው ይዞራል።

"ሌላ ሰው እንዳይገባበት ብለው የሰፈሩ ልጆች ሰኩት" አሉት እትዬ ምህረት።

ተገኝ ቅርንጫፉን ነቅሎ ወረወረው። በሩ ላይ ያለውን ክዳን በጥፍሩ ጭምር ፈንቅሎ፣ እየጎተተ ወስዶ ቦዩ ላይ ለቀቀው። ክዳኑ ልክክ ብሎ ገባ። ላቡ እንኳ ገና አልወረደም። ሥራው ሁሉ ይኸው ብቻ ነበር።