ሳይባረክ የተቆረሰ ፒዛ

መምሬ ጥዑመ ልሳን ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው ባሕር ዳር የገቡት «አይሆንም» ለማለት ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም። ልጃቸው ሥርጉት ኪሩቤል የሚባል የኮሌጅ መምህር ወድዳለች፤ እሱም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ፊታቸውን ልይ ብሎ ምሳ ጋብዟቸዋል። ይጋብዝ! እሳቸው ቁርጣቸውን ይዘው ነው የመጡት። ከአዳማ የመጣ፣ ማን እንዳሳደገው የማይታወቅ ሰው የመጨረሻ ልጃቸውን አይወስድም። ልጃቸው ናት፣ ፈሩ፤ ሰው ለልጁ ቢፈራ ምን ይገርማል? እንቢታቸው እንዲጸናም ከምሳው ላለመቅመስ ቆርጠዋል። በመምሬ ቤት ሕግ፣ ልጁን ሊያጭ የመጣን ሰው እህል የቀመሰ አባት ቃሉን እንደ ሰጠ ይቆጠራል።

ችግሩ ቀኑ ሐሙስ መሆኑ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ኖሮ «ጾም ነው» ብለው እሳቸውም ፒዛውም በሰላም ይለያዩ ነበር። ደግሞ ማለዳ ቀድሰው ከወጡ ወዲህ ከአንድ እፍኝ ቆሎ በቀር አፋቸው የገባ ነገር የለም። ምግብ ቤቱ ከጣና ዳር ከዋርካ ሥር ነው፤ የምድጃው ጢስ የዳቦ ሽታ ተሸክሞ ገና ከበሩ ነው የተቀበላቸው።

«እናትህስ?» አሉ ኪሩቤልን፣ ገና ሳይቀመጡ። «እንዲህ ባለ ቀን የት ሄደች?»

«ሥራ ላይ ናት አባታችን፤ እሷም እኮ—»

«ሥራ ላይ!» ንግግሩን ቀሙት። «ልጇ አባት ፊት ቀርቦ እሷ ሥራ ላይ! በቃኝ፣ ሰማሁ!»

መምሬ ሰው አስጨርሰው ሰምተው አያውቁም። ሥርጉት ታውቃቸዋለችና ኪሩቤልን «አሁን ተው» ብላ በዓይኗ ጠቀሰችው።

ፒዛው መጣ። ጠርዙ እሳት ልሶት ጠቆር ብሏል፣ ላዩ ላይ ቺዙ ገና ይንተከተካል። የመምሬ አፍ ምራቅ ሞላ። ደግነቱ አንድ ነገር ታያቸው፤ ፒዛው ስምንት ቦታ ተቆራርጧል።

«ማን ባረከው?»

«እ?» አለ ኪሩቤል።

«ዳቦ ሳይባረክ ይቆረሳል? ያውም እኔ ቄሱ እዚህ ተቀምጬ?»

«አባ፣ ፒዛ እኮ ተቆርጦ ነው የሚመጣው» አለች ሥርጉት ሳቋን አፍና።

«እንግዲያው ተቆርጦ ይመለስ!»

ያን ጊዜ ሆዳቸው ጮኸ። ጩኸትም አይባል፣ ፎከረ እንጂ። የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ዞረው አዩ። ሆድና ግንባር አይሸሸግም ሲባል አልሰሙም? መምሬ ከዚያ ሽታ ፊት አንድ ደቂቃ ቢቆዩ ጉድ እንደሚፈላ ዐወቁና መቋሚያቸውን አንሥተው ብድግ አሉ።

«ጋጋሪውን ሥርዓት አስተምሬው ልምጣ!»

ምድጃው ዘንድ ያገኙት ጋጋሪ ግን ሴት ናት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች፣ ረጅም የእንጨት አካፋ ይዛለች፣ ክንዶቿን የቆየ የእሳት ጠባሳ አዥጎርጉሯቸዋል።

«መምሬ፣ እንኳን ደህና መጡ! እኔ እኮ—»

«ቆይ፣ አድምጪኝ!» አሉና ስለ ዳቦ አባራረክ ከአብርሃም ጀምረው አስተማሯት። ሴትዮዋ አካፋዋን ተደግፋ፣ አንዲት ቃል ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማች። መምሬ እንዲህ ያለ አድማጭ ካገኙ ዘመን የለውም፤ ደስ አላቸው።

«እውነትዎን ነው፤ አጥፍቻለሁ» አለች። አካፋዋን ወደ እሳቱ ሰደደችና ቢላ ያልነካው አንድ ሙሉ ፒዛ አወጣች። «ይባርኩልኝ።»

ይህን እንቢ የሚል ቄስ የት ይገኛል? አማትበው ባረኩ፣ በእጃቸው ቆረሱ። የባረከ ደግሞ መቅመስ አለበት፤ አሁን በአፋቸው ያስተማሩት ነው። «ይህ የጋጋሪዋ እንጂ የልጁ ገበታ አይደለም» ብለው ኅሊናቸውን አባበሉ። እሷም ከቆረሱት ላይ ጠቅለል አድርጋ «በሞቴ!» አለች። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነውና አላሳነሰችም። ቺዙ ከጣቷ እስከ ጢማቸው ተዘረጋ።

«እሰይ!» አሉ መምሬ አፋቸው እንደ ሞላ። «እጅሽ ይባረክ! ስምሽ ማነው?»

«ጽጌ እባላለሁ። የኪሩቤል እናት ነኝ።»

መምሬ ማላመጥ አቆሙ።

«ልነግርዎ ስል ቀደሙኝ» አለች ጽጌ። «አባቱ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ዳቦ እየጋገርኩ ነው ያሳደግኩት። ዛሬም ምሳዎን በእጄ ልሥራ ብዬ ነው ከገበታው የቀረሁት።» ፈገግታዋ ጠፋ። «ሕግዎን ሥርጉት ነግራኛለች። ግን ሳያውቁ የቀመሱት አይቆጠርብዎትም። ቢተፉትም አልቀየምዎት።»

ይኸው መንገዱ ተከፈተላቸው፤ ተፍተው ወደ ጀልባቸው መሄድ ይችላሉ። መምሬ ግን ክንዶቿን አዩ። ማን እንዳሳደገው አይታወቅም ብለው የናቁት ልጅ አሳዳጊ፣ እንቢ የሚሉበትን ምክንያት በገዛ እጇ ሰጥታቸው ቆማለች። አፈሩ፤ እንደዚያ ቀን አፍረው አያውቁም። ከወዲያ ኪሩቤልና ሥርጉት ከወንበራቸው ተነሥተው ያያሉ።

መምሬ በዝግታ አላምጠው ዋጡ። ጢማቸውን ጠረጉ።

«ያኛው ሳላውቅ ነው፤ አይቆጠርም» አሉ።

ጽጌ አንገቷን ደፋች።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ እንግዲህ ዐውቄ ልብላ። ያጉርሱኝ» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።