ቀጭ የሚለው ድምፅ

የምትተዳደረው በድምፅዋ ነበር። ዓይናቸው ለማያይ ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍትን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ትቀዳለች፣ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ትልካለች። የሰፈሩ ሰው ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ አንባቢዋ ነው የሚላት። ትዳሯን ፈትታ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ የኋላውን ክፍል ስቱዲዮ አድርጋዋለች። ስቱዲዮ ይባል እንጂ ያለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክ፣ የማይኩን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ መዳፍ የምታክል ሳውንድ ካርድና አንድ ላፕቶፕ ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ አራቱንም ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍናዋለች። አባቷ ክፍሉን ባዩት ቁጥር፣ «ጉንፋን የያዘው ቤት አስመሰልሽው» ይሏታል።

አባቷ ግንበኛ ነበሩ። ቤቱንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ከእናቷ ጋር በተጋቡ ሰሞን፣ ከሥራ መልስና በየእረፍት ቀኑ ድንጋዩን እየጠረቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመዶሻና በማሽን ጩኸት መሀል ስለኖሩ ጆሯቸው ደክሟል። ሰው ሲያናግራቸው አፍ አፉን ያያሉ፤ ያልሰሙትንም አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉታል።

ከቤቱ በስተኋላ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ለትልቅ ሕንፃ የሚሆን ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። ሲጀመር ራቅ ያለ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን እየተጠጋ መጣ። ኤክስካቫተሩ እያጓራ መቅዳት የማይታሰብ ስለሆነ፣ አንባቢዋ የምትቀዳው በሠራተኞቹ የምሳ ሰዓትና በእሁድ ብቻ ሆነ። ማሽኖቹ ዝም ሲሉ ሰፈሩ ጭር ይላል። ያኔ በሯን ትዘጋለች፣ ሄድፎኗን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ ታነባለች።

ነገሩ የጀመረው በጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ነው። ስለ ወንዞች የሚያወራውን ምዕራፍ ቀድታ ስታዳምጠው፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር መሀል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ምላሷ ይሆናል ብላ ውሃ ጠጥታ ደገመችው። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ሌላ አለ። እንደምንም አለስልሳ ላከችው፤ ቤተ መጻሕፍቱ መለሰባት። ተማሪዎቹ ድምፁ በገባ ቁጥር ይደነግጣሉ አሏት።

ታናሽ ወንድሟ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ከከተማው ሌላ ዳር፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ደውላ ስትነግረው ሳያስጨርሳት ድራይቨር ነው አላት። ኮምፒውተርሽ ሰሞኑን ራሱን አድሶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። አድሶ ነበር። በቃ፣ አለ ወንድሟ፣ ድራይቨር ማለት ኮምፒውተሩና ሳውንድ ካርዱ የሚግባቡበት አስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ሲደናቀፍ ድምፁ ይቆራረጣል። የቅጂ ፕሮግራሙን መቼት ስትከፍት እውነትም የሳውንድ ካርዱን ድራይቨር ትቶ የኮምፒውተሩን የጋራ ድራይቨር ይዞ አገኘችው። አሮጌውን አጠፋች፣ አዲሱን ጫነች፣ ኮምፒውተሩን ዘግታ ከፈተች፣ ትክክለኛውን መረጠች። ከአፏ በወጣውና በሄድፎኑ በሚሰማት መሀል የነበረው መዘግየት ወዲያው ጠፋ። ቀጭታውም በዚያ ቀን አልመጣም። ደስ ብሏት ላባቷ ነገረቻቸው፤ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እሁድ ዕለት ቀጭታው ተመልሶ መጣ። ያውም በርክቶ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያጠራቅምበትን፣ በፈር የሚሉትን፣ ከፍ አደረገችው። የሳውንድ ካርዱና የፕሮግራሙ ፍጥነት እኩል መሆኑን አየች። ኢንተርኔቱን ዘጋች። ኬብሉን ቀየረች፣ መሰኪያውን ቀየረች፣ ፕሮግራሙን ራሱን ነቅላ እንደገና ጫነች። ወንድሟ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ አብሯት ይለፋል፤ ትዕግሥቱ ግን እያለቀ ነበር፤ ሌላ ነገር ነክተሽ እንዳይሆን እያለ ይጠይቃታል። ጠዋት ማሽኖቹ በርትተው የሠሩ እንደሆነ የምሳ ሰዓቱ ቀጭታ እንደሚብስ እሷም አስተውላለች። ለወንድሟ ብትነግረው፣ ማሽኖቹ መብራቱን እያወዛወዙት ይሆናል፣ ቻርጀሩን ንቀይና በባትሪ ቅጂ አላት። ነቀለች። ምንም ለውጥ የለም።

ውስጥ ውስጡን መፍራት ጀመረች። ፍርሃቷን ለማንም መናገር አፈረች፤ በኮምፒውተር ብልሽት የሚፈራ ሰው የለማ። ግን ማንበብ ጀምራ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ስትል፣ ያ ነገር ዝም እንድትልለት ሲጠብቃት የቆየ ይመስላታል። ቀጭ። ከዚያ ፀጥታ። በዚያው ሰሞን የክፍሉ በር አልዘጋ እያለ ያስቸግር ጀመር። አባቷ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቷል ብለው ጠርዙን በመላጊያ ላጉት። ሁለት ቀን ደህና ሆነና እንደገና ተጣበቀ።

በመጨረሻ ወንድሟ ምንም ሳትነኪ ጥሬውን ቅጂ ላኪልኝ አላት። ላከችለት። በማግስቱ ጠዋት ሲደውል ድምፁ ሌላ ነበር።

«እቴ፣ ይሄ የድራይቨር አይደለም።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«የድራይቨር ቢሆን በመቀስ እንደተቆረጠ ነበር የሚሆነው፤ ጭራ የለውም። ይሄኛው ጭራ አለው። ይጮህና ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው። ማይኩ የሰማው ነገር ነው።»

«እኔ እኮ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነኝ።»

«እሱን ነው የምልሽ» አላት።

አይጥ ይሆናል ብላ ጠረጴዛውን አነሳች፣ ዕቃውን ሁሉ ወደ ሳሎን አወጣች። አይጥ የለም። የምሳ ሰዓት ሲደርስና ማሽኖቹ ሲያርፉ ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ መቀበያውን እስከ መጨረሻው ከፈተች፣ የራሷ ትንፋሽ እንኳ እንዳይገባ ወጥታ በሩን ገፍታ ዘጋች። ቆይታ ተመለሰችና አዳመጠች።

ቀጭታው አንድ አልነበረም። ትልልቅ አለ፣ ትንንሽ አለ፤ አንዱ ሌላውን እንደሚጠራ ይከታተላል። በመሀላቸው ደግሞ እስከ ዛሬ ሰምታው የማታውቀው ነገር ነበር፤ አሸዋ ከእጅ ላይ ሲፈስ የሚመስል፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። ማይኩን ይዛ በየግድግዳው ስር ዞረች። በሦስቱ ጸጥ ያለ ነው። የጉድጓዱ ወገን ወዳለው ግድግዳ ስትጠጋ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዘሎ ቀይ ነካ።

ብርድ ልብሱን ከነምስማሩ መንጭቃ አወረደችው።

ከወለል ተነሥቶ ጣሪያ የሚደርስ ስንጥቅ ነበር። ጣት ይገባበታል። ከብርድ ልብሱ ጀርባ የወረደ ደቃቅ አፈር ወለሉ ላይ ተከምሯል። እጇን ስታስጠጋ ቀዝቃዛ አየር ነካት፤ አዲስ የተቆፈረ መሬት ይሸታል። ድምፁን ለማፈን የሰቀለችው ብርድ ልብስ ስንጥቁን ሲደብቅባት ኖሯል።

አባቷን እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። አዩት፣ ጣታቸውን ሰደዱበት፣ ጥቂት ልስን ፈርፈር አደረጉ። ልስኑ ነው አሉ። ድንጋዩን የደረደሩት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን፣ ከሥሩ ያለውንም መሠረት ቆፍረው ያወጡት እሳቸው መሆናቸውን እንደ አዲስ ነገሯት። አልተከራከረቻቸውም። ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ሄድፎኑ የልጅ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ፣ ወደ ወለሉ መለሱ። ሄድፎኑን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ከዚያ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉና የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ ሰው ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏት።

«ቆየ፣ አባባ። ኮምፒውተሩ መስሎኝ ነበር።»

«ጫማሽን አድርጊ። ሌላ ነገር አትያዢ።»

ከኋላቸው የተዘጋው የክፍሉ በር አልከፈት አለ። አባቷ በትከሻቸው ገፉት፣ ንቅንቅ የለም። ሁለቱም አንድ ላይ ተደግፈው ሲገፉት መቃኑ ከላይ ተሰነጠቀና ወጡ። አትያዢ ብትባልም ላፕቶፑንና ሄድፎኑን በብብቷ ይዛ ነበር።

የሰፈሩ መንገድ ላይ ይቆማሉ ብላ ስትጠብቅ አባቷ ወደ ጉድጓዱ ዞሩ። በአጥሩ ክፍተት ቁልቁል ሲያዩ ሠራተኞቹ ምሳቸውን እየበሉ ነበር። ፀሐዩ ጠንካራ ስለነበር ጥላ ፈልገው ልክ ከቤቱ ግድግዳ ስር፣ ከተቆፈረው አፈር አጠገብ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ጀርባውን አፈሩ ላይ አስደግፎ አሸልቧል።

የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ወጣት ነው። በትሕትና ሰማቸው። መሐንዲሶቹ ለክተው እንደሄዱ፣ መደገፊያው ግንብ በቅርቡ እንደሚጀመር፣ ሥራ ማስቆም ግን የሱ ሥልጣን እንዳልሆነ አስረዳቸው።

«ልጄ» አሉት አባቷ፤ ጆሮ እንደከዳው ሰው ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፤ «ስለ ቤቴ አይደለም የመጣሁት። እነዚህን ልጆች ከዚያ አንሣቸው።»

አንባቢዋ ፈቃዱን ሳትጠይቅ ሄድፎኑን አቀበለችው። ከግድግዳው ነው የቀዳሁት፣ አሁን፣ አለችው። ፎርማኑ እነሱን ለመገላገል ብሎ ነበር የተቀበላት፤ ግን ያ እንደ አሸዋ የሚፈሰው ድምፅ ሲደርስ ዓይኑ ከስክሪኑ ላይ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ተተከለ። ሄድፎኑን መለሰላትና ፊሽካውን ነፋ።

ሠራተኞቹ የምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ እያጉረመረሙ በመሰላሉ ወጡ። ከነሱ መሀል ቀልደኛው የሚሉት አንድ ጎልማሳ አለ፤ ግንቡ ለስንት ሰዓት ነው የቀጠረን እያለ ጓደኞቹን አሳቀ። ሁሉም ከጉድጓዱ ማዶ ሄደው ቆሙ። ግድግዳው እንደነበረ ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል። የምሳ ሰዓት አለቀ። የፎርማኑ ስልክ ጮኸ፤ ፈንጠር ብሎ አነጋገረ፤ ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል። እንደገና ጮኸ። አንባቢዋ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትቆም የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነበር። ምናልባት ተሳስቼ ቢሆንስ? ማይኩ ቢሆንስ የተበላሸው? ያልፈተሸችው ኬብል ይኖር እንደሆነ በልቧ መቁጠር ጀመረች። አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይናቸውን ከግድግዳው ግርጌ አልነቀሉም።

ቀልደኛው ጃኬቴን ልያዝ ብሎ ወደ መሰላሉ ሄደ። ስልኩ በጃኬቱ ኪስ ነው። ፎርማኑ ሲጣራ እጁን እያወዛወዘ መጣሁ አለ፤ ሰውም ሳቀ። ወርዶ ጃኬቱን አነሣ፣ አቧራውን አራገፈ። ሲመለስ እግሩ ገና የመጀመሪያዎቹን እርከኖች እየረገጠ ነበር።

ጩኸት መጀመሪያ አልነበረም። ከግድግዳው ግርጌ አፈር እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ዝም ብሎ። ከዚያ ግድግዳው ከመሀሉ ተከፈተ፤ ለቅጽበት የአንባቢዋ ክፍል ከነብርድ ልብሶቹ፣ ከነማይኩ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ታየ። ከዚያ ሁሉም ወረደ።

አቧራው ሲገለጥ ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉበት የነበረው ቦታ በድንጋይ ተሞልቷል። ቀልደኛው ከመሰላሉ ጋር ወድቆ እስከ ወገቡ ተቀብሮ ነበር። የሚጮኸው እሱ ብቻ ነው። ፎርማኑ ከሁሉ ቀድሞ ወረደ፤ በእጃቸው እየማሱ አወጡት። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለነበር ዛሬም ያነክሳል። አሸልቦ የነበረው ሰውዬ አጥሩን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ማምሻውን ወንድሟ መጣ። የፈረሰውን አይቶ እህቱን አቀፋት፤ ስለ ድራይቨሩ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው። እሷም አላነሣችበትም።

የቀረው ቤት አይኖርበትም ተባለ፤ እስኪፈርስ አባትና ልጅ ጎረቤት ተጠግተው ሰነበቱ። ሊፈርስ የተቆረጠው ቀን ሲደርስ ልጆቻቸው ሲፈርስ ለማየት እንዳይሄዱ አባታቸውን ለመኗቸው፤ አሻፈረኝ አሉ። ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። ፎርማኑ ከአንድ ቦታ ወንበር ፈልጎ አመጣላቸው፤ አመስግነው ሳይቀመጡበት ቆሙ። ኤክስካቫተሩ ከኩሽናው ጀመረ። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ የፊት ለፊቱን በር። ከሥራው ብዛት እጃቸው ላይ ጠባሳ የተዉትን ድንጋዮች ማሽኑ ባንዴ አፍሶ ሲጭን አዩ። አንባቢዋ እጃቸውን ልትይዝ ብላ ተወችው።

የመጨረሻው መኪና አፈሩን ጭኖ ሲወጣ ወደሷ ዞሩ።

«ወንድምሽ ቤት ደረጃው ብዙ ነው?»

አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍትም የለውም አለቻቸው። የኮታቸውን አቧራ አራገፉና እየቀደሟት ወደ መንገዱ ወጡ።