የአንኮበር ገብስ

ማርያማዊት በደብረ ብርሃን የአንድ ብቅል ፋብሪካ የግዢ ኃላፊ ናት። መንግሥት የዶላርን ዋጋ ለገበያ በለቀቀ በጥቂት ወራት ውስጥ ከውጭ የሚገባው ገብስ ዋጋ እጥፍ ገደማ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርአ ዳዊት ኃላፊዎቹን ሰብስበው፣ "አንዱን ፈረቃ ከመዝጋት ሌላ መንገድ የለንም" አሉ።

"አለን እንጂ" አለች ማርያማዊት። "የአንኮበር ገበሬዎች።"

"ሞክረነው የለ? ፍሬው ቀጫጫ፣ ምርቱም ጥቂት ነበር።"

"ምርጥ ዘር መቼ ሰጠናቸው? ዋጋውንም ከአጨዳ በኋላ ነው የቆረጥንባቸው።"

አቶ ዘርአ ዳዊት፣ "እስከ መኸር ልታገሥሽ" አሉ።

በማግስቱ ወደ አንኮበር ወረዳ ከተማ ወደ ጎረቤላ ወረደች። ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ጠበቋት። ሊቀመንበሩ ቄስ ወልደተንሣኤ ናቸው፤ ቀድሰው ሲወጡ ዕርፍ የሚጨብጡ ሰው።

"ልጄ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ" አሏት። "ገብሳችንን ጭነን ደጃችሁ ስንደርስ ዋጋ ቀነሳችሁብን። መልሰን እንዳንጭነው ኪራዩ ከበደን፤ እያዘንን ሸጥን።"

"እውነት ነው አባ። ዘንድሮ ገብሱ ሳይዘራ ዋጋው በውል ይጻፋል። ገበያው ቢወርድ ጉዳቱ የኛ ነው፤ ቢወጣ ጭማሪው የናንተ።"

"አንቺ አልሽ። አለቃሽስ?"

ማርያማዊት እዚያው ደወለችና ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው። ነገሩን ለአቶ ዘርአ ዳዊት ዘረዘረችላቸው።

"ከዶላር ጋር ከመሯሯጥ ከነሱ ጋር መዋዋል ይሻላል" አሉ። "እፈርማለሁ።"

ምርጡ ዘር ከነማዳበሪያው በሰኔ ከፋብሪካው ደረሰ። ገበሬዎቹ በመስመር ዘሩ። ነሐሴ ላይ በረዶ የደጋውን ጫፍ መታው፤ የቀረው ግን ሞልቶ አፈራ። ታኅሣሥ ላይ የአንዱ ሄክታር ምርት ከቀድሞው በግማሽ ጨምሮ ተገኘ። አቶ ዘርአ ዳዊት ራሳቸው መጋዘኑ ድረስ መጥተው ፍሬውን በጥርሳቸው ሰበሩና፣ "ይህማ ብቅል ነው!" ብለው ሳቁ። ፈረቃው አልተዘጋም፤ ከፋብሪካው ሠራተኞችም አንድም ሰው አልተቀነሰም።

በሐምሌ የአንኮበር ወረዳ ምክር ቤት በጀት ሊያጸድቅ ተቀመጠ። የጭነት መኪና ባለቤቶችና የእህል ነጋዴዎች በገብሱ ምክንያት ሥራቸው ስለሰፋ፣ የተሰበሰበው ግብር ከዕቅዱ በልጦ ነበር። ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው የጎረቤላ ጤና ጣቢያ የውኃ መስመር በወረዳው በራሱ ገቢ እንዲሠራ ተወሰነ። የምክር ቤቱ አባል የሆኑት ቄስ ወልደተንሣኤ እጃቸውን ከሁሉ ቀድመው አወጡ።

በዚያው ሳምንት በሌላ ወረዳ ያሉ የደነባ ገበሬዎች እንዲሁ ሊዋዋሉ ማርያማዊትን ጠሯት። ቄሱ አብረዋት ሄዱ፤ ውሉን የሚያስረዱት እሳቸው ነበሩ።