በጎን የተሣሉት

ልጄ ሸጋዬ ደሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ መካነ ሰላም የተመለሰችው በ1965 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። አንደኛው ደሴ መምህርነት የምትሠለጥንበት ነው፤ አንድ ዓመት ተምራ ትቀጠራለች። ሁለተኛው አዲስ አበባ ካለ የሥዕል ትምህርት ቤት የመጣ ነው። መስከረም ሃያ አምስት ቀን አሥር ሥዕል ይዛ ለፈተና እንድትቀርብ ይላል። አሥር ያላሟላ አይፈተንም። ሁለቱም የአባት ፊርማ ይፈልጋሉ። ሁለቱም የሚጀምሩት በአንድ ሰሞን ስለሆነ አንዱን የያዘች ሌላውን ትለቃለች።

የመምህርነቱን በመጣች ማግስት ፈረምኩ። የሥዕሉን መልሼ ሰጠኋት።

"አንቱ ራስዎ ሠዓሊ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ።

"ስለሆንኩ ነው የማልፈርመው።"

ከወግዲ እስከ ከላላ ሠላሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሥያለሁ። የምሥለው ከመምህሬ የተቀበልኩትን መልክ ነው። የሰው ፊት አይቼ ሥዬ አላውቅም። ሥራችን ደንብ አለው። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣንም፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮችም በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህን የምንማረው ገና ቀለም ፈጪ ሳለን ነው። ሰውን በጎን መሣል በእኛ ዘንድ መፍረድ ነው።

ያን ክረምት መንገዱ ሰው አላጣም። ከአጅባር በኩልና ከዚያም ማዶ እህል የጠፋባቸው ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ለመግባት በደጃችን ያልፋሉ። ባለቤቴ ወርቂቱ የገብስ ቆሎ ይዛ አጥሩ ሥር ትቆማለች። በሰኔ በእፍኝ ትሰጥ ነበር፤ በነሐሴ በጣቷ እየቆነጠረች ሆነ። የሚቀበሏት እጃቸውን ብቻ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ዞሮ የሚያያት የለም። ሁሉም ወደ ምዕራብ ያያሉ፣ ይሄዳሉ።

ሸጋዬ ከእናቷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሥላቸዋለች። ከሰል የምትለቅመው ከምድጃ ነው። ወረቀቱን ደሴ ያስተማራት መምህር ሰጥቷታል።

ጳጉሜ ላይ አሥሩን መርጣ አሳየችኝ። አንዲት ባዶ እንስራ ያዘለች ሴት። ሁለት ወንድማማቾች። በዱላ የሚሄድ ሽማግሌ። ሌሎችም። ሁሉም በጎን ነበሩ። አሥር ሰው፣ አሥር ዓይን።

"ምን በደሉሽ?" አልኳት።

"እነማን?"

"እነዚህ። ሰይጣን አድርገሻቸዋል እኮ።"

"አባዬ፣ እንደዚህ ነው ያለፉት። አንድም ሰው አልዞረም። ያላየሁትን ዓይን ከየት ላምጣው?"

"እኔን ትጠይቂያለሽ።"

ወርቂቱ ከጓዳ ሆና ሳቀች። "ያንተማ የላም ዓይን ነው። ገብርኤልም ጊዮርጊስም ፈረሱም አንድ ዓይነት ዓይን ነው ያላቸው። እኔንም ሥለኸኝ ቢሆን ያንኑ ታደርግልኝ ነበር።"

እኔ አልሳቅኩም። ከአሥሩ ስንቱ ዓባይ እንደደረሰ አላውቅም። የሞቱት በዚህ መልክ ቀርተዋል።

መስከረም ስምንት ቀን እናትና ልጅ ገበያ ወጡ። ብሩሼንና ጥቁሩን ቀለም አውጥቼ ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። በጎን በተሣለ ፊት ላይ ለሁለተኛ ዓይን ቦታ የለም። ጉንጩ አልቆ ጆሮው ከሚጀምርበት ላይ አስቀመጥኩት። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ዙሪያው የተከበበ፣ እንደተማርኩት አድርጌ ሠራሁት። አሥሩንም ጨረስኩ። ምሕረት እያደረግሁላቸው መስሎኝ ነበር። ለፈተና እንደማይሆኑ ግን አውቃለሁ። ያንን አልክድም።

ሸጋዬ ተመልሳ ስታይ አልጮኸችም። አንድ በአንድ አየቻቸውና ደርድራ አስቀመጠቻቸው።

"የፈተናዬ ነበሩ" አለች።

"መምህርነቱ አለልሽ።"

ቀለሙን በዳቦ ፍርፋሪ ልታነሳው ሞከረች። አልተነሳም። የኔ ቀለም አይለቅም።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ የወጣችው ወርቂቱ ባዶ እጇን ተመለሰች።

"አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ" አለችኝ። "ሰዎቹ ተመልሰው መጥተዋል።"

"የትኞቹ?"

"ና እይ እንጂ።"

ከዓባይ በኩል ነው የመጡት። ከዚያ በፊት ከዚያ በኩል የተመለሰ ሰው አላየንም። አጥራችን ውጪ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አሥር ናቸው። በመንገድ ዳር የሚያርፍ ሰው ፊቱን ወደ መንገዱ ያደርጋል። እነሱ ወደ ቤታችን አዙረው ነበር። እንስራ ያዘለችው ሴት ከሁሉም ፊት ነች። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች፤ ያየሁትን በጨለማ አሳብቤ የምተወው አልነበረም። አንድ ዓይኗ የራሷ ነው፣ ትንሽ፣ በርሃብ የጎደጎደ። ሌላኛው ጆሮዋ ሥር ነው። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ዙሪያው የተከበበ። የእጄን ሥራ አወቅሁት።

አሥሩም እንደዚያ ነበሩ። የራሳቸው ዓይን ይርገበገባል። የእኔው አይርገበገብም።

ውሻችን አልጮኸም። ዝንብ አያርፍባቸውም። ወርቂቱ ቆሎ አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠች፤ እጁን የዘረጋ የለም።

ጎረቤታችን ሼህ ሱሌማን፣ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩት፣ በበቅሎ ሲያልፉ አይተው ወረዱ። ሴትዮዋን ዝቅ ብለው አዩና ወደ ኋላ አሉ።

"አዑዙ ቢላህ። ቢተው፣ ይቺን ሴት ታውቃታለህ?"

"በነሐሴ አልፋለች።"

"በነሐሴ ነው የቀበርኳት። ከቁልቁለቱ በላይ፣ ባለቤቴ ነሲባ ናት ያጠበቻት፣ አፈር ያለበስኳት እኔ ነኝ። እንስራዋን ከራስጌዋ አስቀምጠንላታል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ዓይኗን ምን አደረግኸው?"

ነገርኳቸው። ሼሁ ቆጣ የሚሉ ሰው ናቸው፤ አልተቆጡም።

"አንተ ስንት ዘመን ሥለህ ሰው እንዴት እንደሚያይ አታውቅም?" አሉኝ፤ ዱዓቸውን እያነበነቡ በቅሏቸውን በእጃቸው ይዘው በእግር ሄዱ።

ሸጋዬ ከአጥሩ ወጥታ ሴትዮዋ ፊት ቁጢጥ አለች። ልከለክላት እጇን ያዝኩ፤ አስለቀቀችኝ።

"እናቴ፣ ምን እናድርግልዎ?"

ሴትዮዋ ጣቷን አንስታ እኔ የሣልኩትን ዓይኗን ነካችው። ብሌኑን በጣቷ ተጫነችው። አልተጨፈነም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከሠራሁት ጀምሮ አላረፈችም። መቃብር ውስጥም ክፍት ነው።

"ያንቱን ዓይን አይፈልጉትም" አለችኝ ልጄ።

በርጩማዋን አምጥታ ተቀመጠች። አዲስ ወረቀት አሥር ቀርቷት ነበር። ያለቀባት ከሰል ነው፤ ከምድጃ እየለቀምኩ፣ እየሞረድኩ አቀበልኳት። ሌላ የማግዛት ነገር አልነበረኝም።

ስትሥል ቆሜ አየሁ። እኔ ብሩሼን ካነሳሁ ዓይኔ ከግድግዳው አይነሳም። እሷ ወረቀቱን እምብዛም አታየውም። ሴትዮዋን ታያለች፤ ቀና ብላ፣ ሳትፈራ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ አንድ መስመር ትጥላለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊቱ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ሙሉ ፊት ነው። ሁለተኛው ዓይን ከአፍንጫው ማዶ፣ በቦታው፣ ከመጀመሪያው ጥቂት ያነሰ። ቀና ስል ሴትዮዋም እንደዚያው ሆናለች። ጆሮዋ ሥር ቆዳ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፈነች፣ ከፈተች፤ እንስራዋን አዝላ ተነሳችና ወደ ዓባይ መንገድ ያዘች።

ዘጠኙ ቀሩ። አልተንቀሳቀሱም።

በቀን አንድ ትሠራ ነበር። የሰውየው ፊት እስኪገለጥላት ድረስ ከሰሉን አታነሳም። ወንድማማቾቹን በሁለት ቀን ጨረሰች፤ ታናሽየው ታላቁን ጠብቆት አብረው ሄዱ። ወርቂቱ በየጠዋቱ ቆጥራ ትነግረኛለች፤ "ስድስት።" "አምስት።" ጎረቤቶቻችን በእኛ በኩል ማለፍ ትተው በማሳው ዞረው መሄድ ጀመሩ። እኔ ቤት ውስጥ ስሆን የቀሩት ዓይኖች በግድግዳው በኩል እንደሚያዩኝ ይሰማኛል። ወጥቼ ሳያቸው በእርግጥም እኔ ወዳለሁበት ዞረው አገኛቸዋለሁ። እሷን አያዩም፤ እኔን ነው።

መስከረም አሥራ ሰባት ቀን ዘጠነኛው ሄደ። ሽማግሌው ቀረ።

አውቶቡስ አጅባር የሚገኘው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ሃያ ቀን ይነሳል። አጅባር በበቅሎ ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት መውጣት አለባት። ከሄደች ሽማግሌው አልተሣለም፤ ሥዕሏም ዘጠኝ ነው። ከቀረች ሥዕሏ ይሞላል፤ ፈተናው ያልፋታል።

"ነገ ዋይና ጨርሺው" አልኳት። ድምፄ እንደ ልመና ነበር።

እጇ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ሽማግሌውን አየችው፤ ከዚያ መንገዱን አየች። ከላይ ሌሎች ሰዎች እየመጡ ነበር፤ እነዚህ ገና በሕይወት ያሉ፣ ወደ ምዕራብ የሚያዩ።

"እሱን ብዬ ከቀረሁ ነገ ሌላ አለ" አለችኝ። "መንገዱ መች አለቀ? እዚሁ አጥር ሥር አረጃለሁ። እጄ ደግሞ ገና ነው፣ አባዬ። ዘጠኙንም እየፈራሁ ነው የሠራሁት፤ በሁለቱ ተሳስቻለሁ። መማር አለብኝ።"

"ሽማግሌውስ?"

"ዓይኑን የከፈቱት አንቱ ነዎት።"

ሽማግሌው ፊት ተንበርክካ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱ እኔን እያየ ነበር።

የሥዕል ትምህርት ቤቱን ወረቀት አምጪው አልኳትና ፈረምኩ። የመምህርነቱን እሷው ቀደደችው።

አጅባር የደረስነው ሃያ ቀን ማለዳ ነው። አውቶቡሱ ጭነት እየጫነ ነበር። ሸጋዬ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝና ፊት ለፊቴ ቆመች።

"አሥረኛው አንቱ ነዎት" አለች።

"እኔ ምን ፊት አለኝ?"

"አይናገሩ። ወደዚህ ይዩ።"

ለሽማግሌው በቀረው ወረቀት ላይ ሣለችኝ። ቀና ብላ አየችኝ፤ እነሱን እንዳየቻቸው አድርጋ። ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ለመሸሽ ፈለግሁ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ። ረዳቱ እየጮኸ ጠራት። የመጨረሻውን መስመር ስትጥል ሳላስበው ተነሳሁ። ሳልሰናበታት፣ ሳልስማት፣ በቅሎዬን ይዤ ወደ ምዕራብ መንገድ ጀመርኩ። ከኋላዬ ስትጠራኝ እሰማለሁ። መዞር ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። ከላላ መገንጠያ አልፌ ነው አንገቴ የተፈታው።

ቤቴ ስደርስ ሽማግሌው ከአጥሩ ውስጥ ገብቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

በኅዳር ደብዳቤዋ መጣ። ተቀብለዋታል። ፈታኙ የእኔን ሥዕል አይቶ "ይህ ሰው በሕይወት አለ?" ብሎ እንደጠየቃት ጽፋለች። "አለ ብያለሁ፣ አባዬ። ይጻፉልኝ።"

በየካቲት አዲስ አበባ ተነሳች ሲሉ ሰማን። በመስከረሙ ንጉሡ ወረዱ። ቤተ ክርስቲያን የሚያሥል ጠፋ። እኔም ብሩሼን አስቀምጬ ከሰል ያዝኩ። በየቀኑ ሽማግሌው ፊት እቀመጣለሁ፣ አየዋለሁ፣ እሥላለሁ። ስጨርስ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ያው ዓይን ነው፤ ትልቁ፣ ጥቁሩ። እጄ ሌላ አያውቅም። አሳየዋለሁ። ከደጃፉ አይነሳም።

በ1968 የገበሬ ማኅበር ሰዎች ቤተሰብ ሊመዘግቡ መጡ። ጸሐፊው ወጣት ልጅ ነው። እኔን ጻፈ፣ ወርቂቱን ጻፈ። ከዚያ ደጃፉን አየ።

"አባቴ፣ እሳቸውስ የማን ናቸው?"

"የእኔ" አልኩት።

"ስማቸው?"

"አልነገረኝም።"

እስክሪብቶውን ይዞ ጠጋ አለ፤ ጎንበስ ብሎ ፊቱን አየ። ቆይቶ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"ዓይናቸው ምን ሆኖ ነው?"

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኩ። "ጻፈው።"