በዲምቱና በቡሳ መካከል

ሆርዶፋ ብቸኛ ነው ቢባል ልጁ ሶሬቲ ትቆጣለች። እውነቷን ነው። አሜሪካ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለው ቤቷ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ለአባቷ ከታች በኩል ሰፊ ክፍል ሰጥታዋለች፤ ቴሌቪዥኑም ግድግዳውን ሊያክል ምንም አልቀረው። ግን ጠዋት እሷ ብሉሚንግተን ወደሚገኘው ሆቴል ለሥራ ትሄዳለች፤ ባሏ ትራኩን ይዞ ከወጣ ሳምንት ይጠፋል፤ የልጅ ልጁ ዳራርቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ሃይ አባባ» ብላ ወደ ላይ ትሮጣለች። በኦሮምኛ ሲጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ በአማርኛ ሲሞክራትም በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የማሞቂያው ድምፅ ነው። እሱን ደግሞ ደህና አደርክ አይሉት።

ሚስቱ ሲንቄ በመጋቢት ሞታ እዚሁ ተቀበረች። ለቅሶው ሰው በሰው ነበር፤ መኪና ማቆሚያ እስኪታጣ ድረስ። ከዚያ ሰዉ ወደየሥራው ተመለሰ፤ ስሟም ከቤቱ ጠፋ። ሶሬቲ የእናቷን ስም ከሰማች ታለቅሳለች፤ ያለቀሰች ቀን ደግሞ ሥራ መግባት ያቅታታል። ስለዚህ አባትየው ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ግን በበረዶ ወራት ቀኑን ሙሉ ብቻውን ተቀምጦ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሶሬቲ ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ስትሪት ላይ ያለ ያበሻ ሱቅ ይዛው ገባች። ባለሱቁ ባህሩዲን የወሎ ልጅ ነው፤ እጁ በርበሬ ሲመዝን አፉ ሰው ይመረምራል።

«አባባ፣ አገር ቤት ሥራዎ ምን ነበር?»

«ባቡር።»

«ሾፌር?»

ሆርዶፋ ተቆጣ። «የምን ሾፌር! ሼፍ ነበርኩ፣ የጣቢያ ሹም። ዲምቱ ጣቢያ።»

ባህሩዲን ሚዛኑን ተወው። «ወላሂ? አማቴም እኮ የባቡር ሰው ናቸው። ጋሽ ሀዚም። ቡሳ፣ ቡሳ ሲሉን ነው የሚውሉት።»

ሆርዶፋ የሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀመጠ፤ ሶሬቲ የታመመ መስሏት ሮጣ መጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡሩ የፈረንሳዮቹ ኩባንያ በነበረበት ጊዜ ዲምቱና ቡሳ በአንድ ቀጠና ሥር ነበሩ። በኋላ ፈረንሳዮቹ ሄዱ፤ ሐዲዱ የመንግሥት ሆነ። አዲስ ሹም ደግሞ አዲስ መስመር ሳያሰምር እንቅልፍ አይወስደውም። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ እየተባለ ሥራው ሲከፋፈል፣ የሁለቱ ቀጠናዎች ወሰን ያረፈው በእነዚህ ሁለት የበረሃ ጣቢያዎች መካከል ነበር። ዲምቱ የአዲስ አበባ ቀጠና መጨረሻ፣ ቡሳ የድሬዳዋ ቀጠና መጀመሪያ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ደመወዙም፣ ስብሰባውም፣ ሐኪሙም፣ የዓመት ፈቃዱም ለሆርዶፋ ወደ ምዕራብ፣ ለሀዚም ወደ ምሥራቅ ነው። አንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት ምክንያት አልነበረም። ምክንያት ቢገኝ እንኳ ሹም ጣቢያውን ጥሎ አይሄድም።

ስልክ ግን ነበራቸው። ሐዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከዲምቱ ባቡር የሚነሳው የቡሳው ሹም በስልክ «መንገዱ ክፍት ነው» ሲል ብቻ ነው። አለዚያ ሁለት ባቡር በረሃ መሃል ፊት ለፊት ይገናኛል። ስልኩን ጣቢያው ሁሉ ስለሚሰማው የቤት ወሬ ክልክል ነው፤ ሹሞቹም የሚጠራሩት በስማቸው ሳይሆን በጣቢያቸው ነበር። ይኸኛው «ቡሳ!» ሲል ያኛው «ዲምቱ!» ይላል። በዚህ ዓይነት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ፣ ሌትም ቀንም ተነጋገሩ። ተያይተው አያውቁም። ቢሆንም ሀዚም ወባ ሲይዘው ከድምፁ ተነስቶ፣ ከራሱ ከሀዚም ቀድሞ የሚያውቀው ሆርዶፋ ነበር። በዚህ ሁሉ አሜሪካ ሆርዶፋ ማን እንደነበረ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ይህ ሰው ነው፤ እሱም በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ላይ ተቀምጧል።

ባህሩዲን ስልኩን አውጥቶ «አሁኑኑ ልደውልልዎት» አለ።

«የለም፣ የለም!» አለ ሆርዶፋ እጁን እያወናጨፈ። «በስልክማ ጠግቤዋለሁ። አሁን ፊቱን ነው የማየው።»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

በሳምንቱ እሑድ ሶሬቲ ሺፍቷን አስቀይራ ብሉሚንግተን ሀዚም ቤት ወሰደችው። ለሲንቄ ለቅሶ የገዛውን ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ መንገዱን ሁሉ ክራቫቱን ሲነካካ ሄደ። በሩን የከፈተችው የሀዚም ልጅ፣ የባህሩዲን ሚስት ኑርያ ናት። ከኋላዋ መራመጃ ብረት የተደገፈ፣ ነጭ ቆብ የደፋ ቀጭን ሽማግሌ ቆሟል። ሆርዶፋ በትህትና ሰላም አለውና ዐይኑን ወደ ውስጥ ወረወረ። በልቡ ሲያውቀው የኖረው ቡሳ ደረተ ሰፊ፣ በበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ነበር፤ እሱ ገና ከጓዳ የሚመጣ መስሎታል።

«አባቴ ናቸው» አለች ኑርያ።

«እንደምን ነዎት?» አለ ሽማግሌው።

ድምፁ ያው ነው። የሚወጣው ግን ከማያውቀው ሰው አፍ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?» አለ ሆርዶፋ።

«አልሐምዱሊላህ። ቤተሰብ ደህና?»

ሶሬቲ አጠገቡ ቆማለች። «ሁሉም ደህና ናቸው» አለ።

ያን ሁሉ ዓመት አንተ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች አንቱ ተባባሉ። ተቀመጡ። ኑርያ እንባዋን ለመጥረግ መሀረብ ይዛ፣ በሌላው እጇ ቪዲዮ ታነሳ ነበር፤ መሀረቡ ሳይፈለግ ቀረ። ሆርዶፋ ወሬ ለመጀመር ያገኘውን አነሳ።

«የእናንተ ቀጠና ግን ባቡሩ ሻይ ካልጠጣ አይነሳም ነበር።»

«የእኛ?» ሀዚም ቀና አለ። «እናንተ ያዘገያችሁትን እኛ ስንሮጥ አይደለም እንዴ የኖርነው! ለመሆኑ ጋራዡ ድሬ ባይሆን ሞተራችሁን ማን ይጠግንላችሁ ነበር?»

«ዋና መሥሪያ ቤቱስ የት ነበር?»

«ወረቀት ባቡር አይጎትትም!»

እንግዲህ ከቀጠናዎቹም፣ ከኩባንያውም፣ ከሐዲዱም የተረፈው ይህ ኩርፊያ ብቻ ነው። ባህሩዲን ነገሩን ለማብረድ ብሎ ዩቲዩብ ላይ አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ከፈተላቸው፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መሥራት የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው አዩ። ባቡሩ በሩቅ፣ በሌላ ሐዲድ ይሄዳል። ዲምቱም የለች፣ ቡሳም የለች፣ ስልክ አንስቶ የሚጠብቅ ሰውም የለ። ምሳው ቀረበ፤ በሉ፤ አመስግነው ወጡ።

«አባዬ፣ ሃፒ አይደለህም እንዴ?» አለች ሶሬቲ መኪናዋን እየነዳች።

«ደስ ብሎኛል» አላት።

ዋሽቷት ነበር። ቤት ገብቶ ክራቫቱን ፈታ። እስከ ትናንት ድረስ ቢያንስ ቡሳ የሚባል ሰው ነበረው። ዛሬ ሄዶ አየውና አጣው። ባይሄድ ኖሮ ይሻለው ነበር፤ በዚያ ሳምንት የበላውንም አያውቅ፣ ቴሌቪዥኑንም አልከፈተ።

ረቡዕ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። ሶሬቲ መስላው አነሳው።

«ዲምቱ!»

ሳያስበው ከወንበሩ ተነሳ። «ቡሳ!»

«እሑድ ቤቴ የመጣው ሰውዬ ማነው?» አለ ሀዚም። «አልወደድኩትም።»

«እኔም እዚያ የተቀበለኝን ሰውዬ አልወደድኩትም። አፉ ክፉ ነው!»

ሀዚም ሳቀ። ያ ሳቅ ድሮ በመስመሩ ላይ ክልክል ስለነበር ሆርዶፋ ሰምቶት አያውቅም፤ እሱም ሳቀ፤ ከመጋቢት ወዲህ በዚያ ቤት ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ሳቁ ሲያልቅ ሀዚም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ዲምቱ፣ ድምፅህ ልክ አይደለም። እሑድ ፊትህን ሳይ ጠፋኝ። አሁን ነው የሰማሁት። ማን ሞቶብህ ነው?»

ሆርዶፋ ሊክድ አሰበ፤ ለዚህ ሰው መካድ ግን ባቡር ላይ ባቡር መላክ ነው።

«ሲንቄ» አለ። ስሟ ባዶው ቤት ውስጥ ጎልቶ ተሰማ። «ሚስቴ። ለማን ልናገር? ልጄ ታለቅስብኛለች። እኔ… ማታ ማታ አሁንም የእሷን ቦታ ብርድ ልብስ አለብሳለሁ፣ ቡሳ። ለማንም አልነገርኩም።»

ሀዚም እግዜር ያጽናህ አላለም፤ ይህን ያሉት ሰዎች በዝተው ነበር። ወንበር ሲስብ ተሰማ።

«በል ንገረኝ» አለ። «ዛሬ የምንጠብቀው ባቡር የለም።»

ሆርዶፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስልኩን አልዘጋም። ከዚያ ሲንቄን መጀመሪያ ካያት ቀን ጀምሮ ይነግረው ጀመር።