ሁልጊዜ የሚስቀው ስልክ

ልጄ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነው። ድርጅቱ ጠዋት ጠዋት «ስሜትህ እንዴት ነው?» የሚል መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ጫነላቸው፤ የሚስቅ ወይም የሚያለቅስ ፊት መንካት ነው። የሚያለቅሰውን የነካ ኮንትራቱ ስለማይታደስ፣ ሁሉም ስልካቸውን ለምግብ አብሳዩ ይሰጡታል። እሱም ዳቦውን ምድጃ ከትቶ ለሁሉም ሳቅ ይነካላቸዋል።

ልጄ እንቅልፍ አጣ። ስደውልለት «እማ፣ ባሕሩን ሳየው ልዝለል ልዝለል ይለኛል» አለኝ። ድርጅቱ ቢሮ ደወልኩ።

«አያስቡ እማማ፣ ልጅዎ መቶ ቀን ሙሉ ደስተኛ ነው» አለችኝ አንዷ።

«ማነው ያለው?»

«ሲስተሙ።»

«ሲስተሙ ነው ያማጠው?»

ዘግቼባት ለአብሳዩ ደወልኩ። «አንተ፣ ነገ ሁሉንም አስለቅስልኝ!»

«እንባረራለን እማማ!»

«ሃያ ሁለት ሰው አባረው መርከቡን ማን ሊነዳላቸው ነው፣ ሲስተሙ?»

አስለቀሳቸው። ቢሮው ደንግጦ በሚቀጥለው ወደብ ሰው ላከ። ሐኪም መስሎኝ ነበር፤ ለካ መተግበሪያውን የሚጠግን ቴክኒሻን ኖሯል! እሱ ግን የልጄን ፊት አንዴ ሲያይ፣ «ስልኩስ ደህና ነው» ብሎ ልጄን ራሱ ደግፎ ከመርከቡ አወረደው።

አሁን እቤቴ ነው፣ ሐኪም ያየዋል። ሲከፋው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ እኔም፣ ቢከብደኝም፣ «አታልቅስ» አልለውም።