ሃያ ሁለት ዲግሪ

እናቱ ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ እሱ ግን እስካሁን አላለቀሰም። ሰው ሲያጽናናው ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ወደ ሥራው ይመለሳል። በአረጋውያን መኖሪያው ሁሉም «ኢንጂነር» ይሉታል። ኢንጂነርስ አይደለም፤ ነገሩን ማረም ሰልችቶት ተወው እንጂ። የሕንፃውን ማሞቂያዎች ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኘው ግን እሱ ነው።

ያን ቀን የመጣው የሁለተኛውን ፎቅ ክፍሎች አንድ በአንድ ሊፈትሽ ነበር። ሥራው ቀላል ነው። እሱ ግድግዳው ላይ ያለችውን የሙቀት መለኪያ በመዳፉ ይሸፍናል፤ ታች ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ባልደረባው የየትኛው ክፍል ቁጥር እንደጨመረ በስልክ ትነግረዋለች። አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚል ስም ወጥቶላታል።

አሥራ አራት ቁጥር የእናቱ ክፍል ነበር። አሁን ሌላ አሮጊት ገብተውበታል፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ኮት ለብሰው ተቀምጠዋል። ኮቱን ያውቀዋል። ራሱ ለእናቱ የገዛው ነው፤ ዕቃዋ ሲወጣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀርቶ ነበር።

«ግባ ልጄ» አሉት። «ይቺ ክፍል ግን ፍሪጅ ናት እኮ!»

እናቱም በብርዱ ወራት ሁሉ እየደወለች የምትለው ይህንኑ ነበር። እሱ ቢሮው ሆኖ ኮምፒውተሩን አየት ያደርግና «እማዬ፣ ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው። ዕድሜሽ ነው» ይላታል። እህቱ «ሄደህ እያት እንጂ!» ብላ ስትጨቀጭቀው ኮት ገዝቶ ላከ። በመጨረሻ እናቱ «አንተ ካልክ ልክ ነህ፣ ልጄ» ብላ ተወችው።

መዳፉን መለኪያዋ ላይ አደረገ።

«አሥራ አራት ንቅንቅ አላለም» አለች ሬዲዮ። «የጨመረው አሥራ ሦስት ነው። የት ነው የገባኸው አንተ?»

ወደ አሥራ አምስት ሄደ። ከሥሩ ልብስ ማጠቢያው ስላለ ያለ ማሞቂያም ይሞቃል። መለኪያዋን ሸፈነ።

«አሁን ገና አሥራ አራት ጨመረ!»

ወዲያው ገባው። የታችኛው ፎቅ መለኪያዎች የተገናኙበት መሣሪያ ክፍሎቹን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል፤ የላይኛው ደግሞ ከዜሮ። ከሁለት ዓመት በፊት የታችኛውን በእጁ እየነካ አረጋገጠ፣ ዓርብ ማታ ስለነበር ለላይኛው ያንኑ አቆጣጠር እንዳለ ገለበጠ። ለጀማሪዎች «በእጃችሁ ሳትነኩ አትመኑ» እያለ የሚያስተምረው ሰው! ኮምፒውተሩም የጎረቤቱን ክፍል፣ የአሥራ አምስትን ሙቀት እያነበበ የእናቱን ማሞቂያ ሲዘጋ ከረመ። ሐኪሙ የገደላት ልቧ ነው ብሏል። ስለ ብርድ ያነሳ የለም፤ እሱን የሚከሰው ሰው የለም።

«ከላይኛው ፎቅ የመለኪያ ቁጥሮች ሁሉ አንድ አንድ ቀንሺ» አላት።

«ቀነስኩ። እንዴ! የአሥራ አራት ቁጥር ሙቀት ለካ አሥራ አምስት ዲግሪ ብቻ ነው! ማሞቂያው ተከፈተ፤ ይኸው...» ብላ ድንገት ዝም አለች። የማን ክፍል እንደነበር ታውቃለች።

ተመልሶ ሲገባ ማሞቂያው ቋ ቋ እያለ ነበር። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ለካ ይሠራል! እኔ ስናገር እርጅና ነው ይሉኛል።»

«እርጅና አይደለም» አላቸው። «ክፍሉ ነው የሚበርደው። እውነትዎን ነበር።»

ትንሽ ቆይተው ኮቱን አወለቁና እንዲሰቅልላቸው ሰጡት። ከገላቸው ስለወጣ ሞቅ ይላል። መስቀያው ከጎኑ ነበር፤ እሱ ግን ኮቱን ታቅፎ ቆመ። እንባው ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ስልኩ ውስጥ ሬዲዮ ቀስ ብላ «ቀጣዩ አሥራ ስድስት ነው» አለችው።